ስለ ፕሪሲዥን ቤዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ፒ ቤዝ የገዙ፣ ሊገዙ ያሰቡ ወይም ከውጭ የተላከላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ስመልስ የራሴን ምርጫ አልደበቅኩም፤ ፒ ቤዝ እወዳለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ያስታውቅብኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒ ቤዝ የሚባለው የቱ ነው?

ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ሠርቶ በ1951 ለገበያ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ነው። ከዚያ በፊት የባንድ ቤዝ ማለት ሰው የሚያክለው ኮንትራባስ ነበር። ማጓጓዙ መከራ ነው፤ ድራምና ጥሩምባ ሲነሱ ደግሞ አይሰማም። ፌንደር አንገቱ ላይ ፍሬት (ድምፆቹን የሚለዩ አግድም የብረት ዘንጎች) ደረደረበት፣ ትከሻ ላይ እንዲንጠለጠል አደረገው፣ ከአምፕ (ከድምፅ ማጉያ) ጋር አገናኘው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ግን በ1957 ነው። ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት) ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የሁለቱን ወፍራሞች፣ የኢንና የኤን ክር፣ ግማሹ የሁለቱን ቀጫጭኖች፣ የዲንና የጂን ክር እንዲያነብ ተደረገ። አንድ ቮሊዩም፣ አንድ ቶን (ድምፁን የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ ቁልፍ)፤ በቃ። ባትሪ የለው፣ ማብሪያ ማጥፊያ የለው። ክሩ ከነት (ጭንቅላቱ ሥር ካለው የክር ማረፊያ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ እስካለው የክር ማሰሪያ) 34 ኢንች (864 ሚሊ ሜትር) ይረዝማል፤ የሌሎች ኩባንያዎች ቤዞችም አብዛኞቹ ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ስለዚህ ክር ስትገዙ «ሎንግ ስኬል» የሚለውን ያዙ።

ከጃዝ ቤዝ በምን ይለያል?

ጃዝ ቤዝ በ1960 ወጣ። ሁለት ፒክአፕ አለው። አንገቱ ነት ላይ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ እጅ ላለው ይመቻል፤ የፒ ቤዝ እንደ ሞዴሉና እንደ ዘመኑ ከ41 እስከ 44 ይደርሳል። የጃዝ ቤዝ ድምፅ ጠርቶ ይወጣል፣ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ለሚወድም የተመቸ ነው። የፒ ቤዝ ድምፅ መሀሉ ወፍራም ነው። ሱቅ ውስጥ ብቻውን ስትሰሙት ድፍን ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚያው ትቶት የሚሄደው ለዚህ ነው። ድራም፣ ኪቦርድና ጊታር ሲገቡ ግን ፒ ቤዝ ቦታውን አይለቅም። ከተቻለ ከባንድ ጋር ሞክሩት፤ ካልተቻለ ቢያንስ ስልካችሁ ላይ ዘፈን ከፍታችሁ አብራችሁ ተጫወቱ።

ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ጭንቅላቱ ላይ በተጻፈው ስም አትጀምሩ፤ ስም የሚለጠፍ ነገር ነው። መጀመሪያ አንገቱን ተመልከቱ። ከአካሉ በኩል አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስከ ነቱ ድረስ ዕዩት፤ በትንሹ ወደ ፊት የጎበጠ ከሆነ ጤነኛ ነው። አንዱ ጎን ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ከተጠማዘዘ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት። ቀጥሎ ስለ ትራስ ሮዱ፣ አንገቱ ውስጥ ስላለው ጉብጠት ማስተካከያ ዘንግ፣ ጠይቁ። ሻጩ «ነክቼው አላውቅም» ካለ ፈቃዱን ጠይቁና ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ካልተንቀሳቀሰ ወይም መፍቻው ከተንሸራተተ ዋጋው ላይ መደራደር ሳይሆን መተው ነው የሚሻለው። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ባለው ቦታ ክሩ ያረፈበት ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ፍሬት የማስቀየር ወጪ ይጠብቃችኋል፣ ፍሬት የሚቀይር እጅ ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም።

የሚንኮሻኮሽ ቮሊዩም፣ የላላ ጃክ፣ የደከመ ክር እንደ ጉድለት አይቆጠሩ። ክሩ ይቀየራል፣ ሌሎቹን ማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ ይሠራቸዋል። ስኳየር (የፌንደር ርካሽ ብራንድ)፣ የሜክሲኮና የጃፓን ፌንደሮች መሀል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ግን በደንብ የተስተካከለ ስኳየር ያልተስተካከለውን የአሜሪካ ፌንደር ሲያስንቅ ማየት የተለመደ ነው። ገንዘብ ከተረፋችሁ አምፕ ላይ አውሉት።

ዘመዴ ከአሜሪካ እየመጣ ነው። ቤዝና አምፕ ላስመጣ?

ቤዙን አዎ። አምፑን ግን ጀርባውን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

ፒ ቤዝ ራሱ ኤሌክትሪክ አይወስድም፤ የአገር ቮልቴጅ አይመለከተውም። አምፑ ግን አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው በ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሳታዩ ከሰካችሁት ፊውዙ ከቀደመ እድለኛ ናችሁ። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «100–240» የሚል ከተጻፈበት ገመዱን ወይም ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ መሰካት ይቻላል። የቮልቴጅ መምረጫ ማብሪያ ካለው ወደ 230 ወይም 240 ይዞራል፤ መመሪያው ላይ ሌላ ልክ ፊውዝ ተጽፎ ከሆነ ፊውዙም ይቀየራል። «120» ብቻ ካለ ስቴፕ ዳውን (ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ) ትራንስፎርመር ግድ ነው። የትራንስፎርመሩን ዋት ስትመርጡ አምፑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈውን አትመኑ፣ ያ የድምፅ ኃይሉ ነው። ጀርባው ላይ ከመብራት ይወስዳል የተባለውን አንብቡና ከዚያ በደንብ ከፍ ያለውን ግዙ። ክብደቱንም አስቡበት፤ ትራንስፎርመር ተሸክሞ ሪሐርሰል የሚሄድ ቤዚስት ብዙ አይቆይም።

ከእስራኤል፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ አምፕ ይህ ችግር የለበትም፤ መብራታቸው ከእኛው ጋር ይቀራረባል። የዱባዩ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ እሱን ማስማማት ብቻ ነው።

ለጉዞው፦ ክሩን ሙሉ በሙሉ አትፍቱት፣ አንድ ሁለት ድምፅ ዝቅ ማድረጉ ይበቃል። ጠንካራ ኬዝ ከሌለ አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ነው፤ ክሩን አውልቆ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈቶ፣ ሁለቱን ለየብቻ በልብስ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። አንገቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ነው የሚገባው። ብሎኖቹ በትንሽ ፌስታል ታስረው አካሉ ላይ ይለጠፉ። ይህንን ያልኩት አለምክንያት አይደለም።

የትኛውን ክር ልግጠም?

ሁለት ዓይነት አለ። ራውንድ የሚባለው ጠመዝማዛ ጎርበጥባጣ ነው፤ ድምፁ ብሩህ፣ ጣት ሲንሸራተትበት የሚፏጭ። ፍላት የሚባለው ላዩ ልስልስ ነው፤ ድምፁ ክብ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ የድሮ ቀረጻ የሚያስታውስ። የተለመደው የራውንድ ውፍረት ከ45 እስከ 105 ነው (በኢንች ሺኛ)።

እኔ ፒ ቤዝ ላይ ፍላት እመርጣለሁ። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በ1962 በተሠራ ፒ ቤዝ ላይ ወፍራም የላ ቤላ ፍላት ክር ገጥሞ ነበር የሚጫወተው፤ ክር ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል። ፍላት ግን ጨዋ ብቻ አይደለም፤ የሄቪ ሜታል ባንዱ የአይረን ሜይደን ቤዚስት ስቲቭ ሃሪስም በፒ ቤዝና በፍላት ነው ያንን ሁሉ ሩጫ የሚሮጠው። ፍላት ሲገዙት ይወደዳል፣ ግን ዓመታት ስለሚቆይ ሒሳቡ ይመለሳል፤ ፍሬትም ያን ያህል አይበላም። ቸርች ውስጥ ዘመናዊ ወርሺፕ የምትጫወቱ ከሆነ ወይም ስላፕ ካለባችሁ ራውንድ ይሻላችኋል።

የደከመ ራውንድ ክር ቀቅሎ መመለስ የድሮ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። ውስጡ የገባው ላብና ቆሻሻ ይለቃል፣ ብሩህነቱ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ፍላት አይቀቀልም።

ስትገጥሙ አንድ ነገር አትርሱ፦ ክሩን ከመቁረጣችሁ በፊት መቃኛ ቁልፉን አለፍ ብሎ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ እጠፉት፣ ከዚያ ከታጠፈው ወዲያ ቁረጡ። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር፣ በተለይ ፍላት፣ ከላይ የተጠመጠመው ይተረተርና እስከ መሀል ድረስ ይሞታል። የታጠፈውን ጫፍ ቁልፉ መሀል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ከትታችሁ ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሙ።

ሴታፕ (አንገቱን፣ የክሩን ከፍታና ቅኝቱን ማስተካከል) በራሴ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ደግሞም ተማሩት። ብዙ ሰው «ይህ ቤዝ እጅ ይገድላል» ብሎ የሚሸጠው ቤዝ የሚጎድለው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስፈልገው አለን ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያና ቱነር ነው፤ ቱነሩ ስልክ ላይ አለ።

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ የምትጠቀሙበትን ክር ግጠሙና ቃኙ፤ የክር ውፍረት ሲቀየር አንገቱ ላይ ያለው ጉተታ ስለሚቀየር በአሮጌ ክር የተሠራ ሴታፕ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የአንገቱ ጉብጠት። ቤዙን በመጫወቻው አቀማመጥ ያዙት። የኢን ክር 1ኛው ፍሬት ላይ በግራ እጅ፣ አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በቀኝ እጅ ተጫኑ። አሁን ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆኗል። 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሀል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የመኪና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ቁጥር የተጻፈበት ስስ የብረት ቅጠል አላቸው፤ ለአንድ ቀን ተዋሱት፣ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ክፍተቱ ከበዛ የትራስ ሮዱን ፍሬ ፊት ለፊት እያያችሁት በሰዓት አቅጣጫ አጥብቁ፤ ካነሰ ወይም ክሩ ፍሬቱን ከነካ ወደ ግራ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ሩብ ዙር፣ እንደገና መቃኘት፣ ጥቂት መቆየት፣ መለካት። ጉልበት ከጠየቀ አቁሙ። አዳዲሶቹ ላይ ፍሬው ከነቱ ወዲያ ጭንቅላቱ በኩል ነው፤ የድሮውን መልክ በተከተሉት ላይ ግን አንገቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አንገቱን ላላ ማድረግ ወይም ማውለቅ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ለባለሙያ ይስጠው።

ሦስተኛ የክሩ ከፍታ። 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኢ 2.4፣ ለጂ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሌሎቹ በመሀል ደረጃ በደረጃ። የምታስተካክሉት ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ የሳድል (ክሩ የሚያርፍበት ብረት) ብሎኖች ነው። ጠንክራችሁ የምትመቱ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ዝቅ ያለ ክር ለጣት ይቀላል፣ ግን ፒ ቤዝ ክሩ ትንሽ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚያምርበት።

ከዚያ ኢንቶኔሽን፣ ማለትም ድምፁ እስከ ላይኛው ፍሬት ልክ መሆኑ። 12ኛው ፍሬት አናት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውን ሃርሞኒክ፣ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከሚወጣው ድምፅ ጋር በቱነር አወዳድሩ። ተጭናችሁ ያወጣችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አምጡት። በእያንዳንዱ ለውጥ እንደገና ቃኙ። መጨረሻ ላይ ፒክአፑ፦ ክሩን የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከፒክአፑ እስከ ክሩ ለኢ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለጂ በትንሹ ያነሰ። ፒክአፑ ሁለት ግማሽ ስለሆነ የአንዱ ጥንድ ክር ድምፅ ከሌላው ካነሰ ያንን ግማሽ ብቻ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

ክሩ ይንጣጣል፣ የት ነው ችግሩ?

መጀመሪያ በአምፕ ስሙት። አምፑ ውስጥ የማይሰማ መንጣጣት ችግር አይደለም። ከተሰማ ቦታውን ለዩ፦ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ብቻ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል፤ ከ12ኛ በላይ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል ወይም አንገቱ በዝቶ ጎብጧል፤ ባዶ ክር ብቻ ከሆነ ነቱ ተበልቷል፤ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ፍሬት ብድግ ብሏል።

ክረምት ሲገባ ሴታፑ ለምን ይበላሻል?

አንገቱ እንጨት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ያደርቀዋል፣ ጉብጠቱም አብሮ ይለዋወጣል። ወዴት እንደሚሄድ እንደ እንጨቱ ይለያያል፤ ዓመቱን ሙሉ ፍንክች የማይል አንገትም አለ። በዓመት ሁለቴ፣ ዝናቡ ሲገባና ሲወጣ፣ ጉብጠቱን መለካት ይበቃል። በበጋ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚቧጭር ከሆነ ብረቱ አልረዘመም፣ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሮ ነው። ጸሐይ የሚመታው መስኮት ሥርና መኪና ውስጥ አታስቀምጡት።

ክሩን ስነካ ጉምጉምታው ይቀንሳል። አንዳንዴ ደግሞ ይነዝረኛል። የተለመደ ነው?

የመጀመሪያው የተለመደ ነው። የፒክአፑ ሁለት ግማሾች የተጠመጠሙት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፉታል፤ ቀሪው ጫጫታ ሰውነታችሁ የሚሰበስበው ነው፣ ክር ስትነኩ በብሪጁ ሽቦ በኩል ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ስትነኩት ምንም ካልተለወጠ ወይም ከባሰ ብሪጁ ሥር ያለችው ሽቦ ለቃለች፤ ይበየድ።

መንዘሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እጃችሁ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ንዝረት ከተሰማችሁ ወዲያውኑ አቁሙ። የቤቱ ሶኬት ግራውንድ የለውም፣ ወይም አምፑና ሚክሰሩ ከተለያየ መስመር መብራት ወስደዋል። ሠርግ ላይና በኪራይ አዳራሽ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አምፑንም ሚክሰሩንም ግራውንድ ካለው ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር አውጡ፣ በቴስተር ይለካ። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጦ ጉምጉምታ ማጥፋት የሚያስተምር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ሰው ገድሏል።

በጣት ወይስ በፒክ (በፕላስቲክ መምቻ)? ቶኑንስ የት ላድርገው?

ጀመርሰን ያን ሁሉ የሚጫወተው በአንድ አመልካች ጣት ነበር። ካሮል ኬይ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ውስጥ በፍላት ክር ላይ በፒክ ትጫወት ነበር፣ የሌላው አሜሪካዊ ሙዚቃ አሳታሚ የስታክስ ቤዚስት ዶናልድ «ዳክ» ደን ደግሞ በጣት። ሁሉም ፒ ቤዝ ነው። ስለዚህ እጃችሁ ይምረጥ።

ቶኑን ግን ከመዞራችሁ በፊት እጃችሁን አንቀሳቅሱ። አንገቱ መጨረሻ አጠገብ ስትመቱ ድምፁ ይከብዳል ይለሰልሳል፤ ፒክአፑ ላይ ይጠነክራል፤ ወደ ብሪጁ ስትጠጉ ይቀጥናል። ቶኑ ሙሉ ተከፍቶ እጅ አንገቱ ጋ፣ ወይም ቶኑ ግማሽ ተዘግቶ እጅ ፒክአፑ ላይ፤ እነዚህን ሁለቱን ብቻ የያዘ ሰው ምሽቱን ሙሉ ይጫወትባቸዋል። የድሮውን አጭር፣ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ከፈለጋችሁ ከፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ቆርጣችሁ ብሪጁ አጠገብ ክሮቹ ሥር ወትፉ። ፌንደር ራሱ ድሮ የብሪጁ ክዳን ውስጥ ስፖንጅ ያስገባ ነበር።

ለእኛ ዘፈን ባለ 5 ክር አያስፈልገኝም?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዘፋኙ ኢ ፍላት (ከኢ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ወይም ዲ ሲል ዝቅተኛውን ድምፅ ማጣት ያበሳጫል፣ እውነት ነው። መፍትሔው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መያዝ ነው፤ ወይም ባንዱ ሁልጊዜ ኢ ፍላት ላይ ከሆነ 4ቱንም ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሴታፑን እንደገና ማየት።

ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ስለሆኑ ፒ ቤዝ ላይ እጅ ሳይንቀሳቀስ ይገኛሉ። ከጂ ብትነሱ ሜጀር ትዝታ እንዲህ ነው፦ ኢ ክር ላይ 3ኛና 5ኛ ፍሬት፣ ኤ ክር ላይ 2ኛና 5ኛ፣ ዲ ክር ላይ 2ኛና 5ኛ። አምባሰል፦ ኢ ላይ 3ኛና 4ኛ፣ ኤ ላይ 3ኛና 5ኛ፣ ዲ ላይ 1ኛና 5ኛ። አንቺ ሆዬ፦ ኢ ላይ 3ኛና 4ኛ፣ ኤ ላይ 3ኛና 4ኛ፣ ዲ ላይ 2ኛና 5ኛ። አንቺ ሆዬን የምዕራቡን ኮርድ ለምዶ የመጣ ቤዚስት ሊያበላሸው ይቀናዋል፦ ሥሩንና አምስተኛውን እየመታ ይቀጥላል፣ ቅኝቱ ውስጥ ግን ያ አምስተኛ የለም፤ ዲ ሳይሆን ዲ ፍላት ነው ያለው።

ችክችካ ላይ ብዙ ድምፅ አትጨምሩ፤ ከኪክ ድራሙ ጋር ተጣበቁ። የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬንና የአይቤክስን፣ በኋላም የሮሃ ባንድን ጆቫኒ ሪኮን ቤዙን ብቻ እየለያችሁ አድምጡ፤ የት ዝም እንደሚሉ ቁጠሩ። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ቤዝ መጫወት የለመደ ከሆነ ደግሞ ዘፈኑ ሳይጀመር ተነጋገሩ። ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ ሲሄድ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ጭቃ ነው፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የሚለጠፈው ቤዚስቱ ላይ ነው።

ፒክአፑን ብቀይረው ይሻሻላል?

ሊሻሻል ይችላል። ቀድማችሁ ግን ክር ቀይሩ፣ ሴታፑን ሥሩ፣ ጥሩ ኬብል ተዋሱ፣ የሌላ ሰው አምፕ ላይ ሞክሩት። ከዚያም በኋላ ድምፁ ካልጣማችሁ የፒ ቤዝ ፒክአፕ መጠን በብዙ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆነ አዲሱ አሮጌው ቦታ ላይ ይገባል፤ ሁለት ሽቦ መበየድ ብቻ ነው። ርካሽ ኮፒዎች ላይ ግን ቀዳዳው ሊጠብ ስለሚችል ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ። አሮጌውን አትጣሉት፤ ቤዙን ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃችኋል።